ለባሕር ኤሊ ሽምግልና አትላንታ ድረስ

ከተመለስኩ ወዲህ ባቱ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቅ ነው። ፎቁን አይቼዋለሁ፤ ቆሟል። ከዚያ በላይ ስለ ፎቅ የምለው የለኝም። መንገዱን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው ስደግም ከምውል ግን አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ቃል እንዳሳምር አትጠብቁኝ። ሥራዬ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሶ መሸጥ ነው። አሜሪካ የወሰደኝም ሽርሽር ሳይሆን ሽምግልና ነው። የተጣሉት ወንድሜና ልጁ ናቸው፤ ያጣላቸው የባሕር ኤሊ ነው። አላበድኩም፤ አንብቡት።

የመነሻው ቀን

ወንድሜ ጌታቸው ቲኬት ሲልክልኝ «የአልማዝን ሙት ዓመት አብረን እናስብ» ብሎ ነው። አልማዝ ሚስቱ ናት፤ በሕመም ከሞተችበት ዓመት ሊሞላት ነበር። ስለ ጠቡ በስልክ ትንፍሽ አላለም። ጌታቸውን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ቤት፣ አንዳችን ሐይቅ መሄድ ነበረብን። ማን የት እንደሄደ እጃችንን ያሸተተ ያውቀዋል።

ከባቱ በሚኒባስ ወጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቋንጣ ይዣለሁ፤ የበሬና የዓሣ። አውሮፕላኑ ባሕሩ ላይ ሲደርስ ምሳ ቀረበ። ዓሣ ነበር። ከየትኛው ባሕር እንደወጣ እንጃ፣ ጣዕሙን ግን እዚያው ትቶት መጥቷል። በመስኮት ወደ ታች ተመለከትኩ። ባሕር ማለት ማለቂያ የሌለው ግራጫ ሰሌን ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ ነቃሁ፣ አሁንም አለ። ያን ጊዜ ይህን ሊያበላሽ የሚችል ሰው አይፈጠርም ብዬ ነበር። የሰው ልጅን ትጋት ንቄ ኖሯል።

ሐሙስ

በማታ ትምህርት የተገላገልኩት መሃይምነት አትላንታ ኤርፖርት ቆሞ ጠበቀኝ። ሁሉ ነገር ተጽፏል፣ አንዱም አይነበብልኝም። ሕዝብ ወደሄደበት ሄድኩ፤ ሕዝቡ ሽንት ቤት ይሄድ ኖሮ እዚያ ደረስኩ። ዕቃ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ የበሬውን ቋንጣ በጓንት አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። የዓሣውን አሸተተና ፊቱን አጨማዶ መለሰልኝ። ለበሬ ሕግ አላቸው፤ ዓሣ ግን እንደፈለገ ይግባ።

ጌታቸው ከነሥራ ልብሱ መጣ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አስታማሚ ነው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንዲት ነጭ ሴትዮ የወደቀ መስሏት ልታነሳው ሮጠች። ደግ ናቸው፣ ይህን አልክድም።

ወደ ቤቱ ወደ ሮዝዌል ስንነዳ መንገዱ የመኪና ጎርፍ ነው። ባቱ ላይ መንገድ ማለት ሰው፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ፍየል ነው። እዚህ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አየሁ፤ እሱም ውሻ እየጎተተው ነው። ጌታቸው «ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ሺፍት ሠርቼ ኦፍ የወሰድኩት ለእርስዎ ነው» አለኝና መሪውን ይዞ ማዛጋት ጀመረ። እስክንደርስ ድረስ በልቤ ጸለይኩ።

ቤቱ ሰፊና ንጹሕ ነው። በር ላይ የአልማዝ ጫማ እንደተቀመጠ አለ። አልጋውን ለእኔ ለቅቆ እሱ ሶፋ ላይ ሊተኛ አነጠፈ፤ ብለምነውም እምቢ አለ። ውጭ ሙቀቱ ያቀልጣል፣ ቤት ውስጥ በማሽን ብርድ ይሠራሉ። ስለዚህ በአሜሪካ በጋ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። እራት ላብላው ብዬ የዓሣ ቋንጣውን መጥበስ ስጀምር ጣሪያው ላይ ያለ ክብ ነገር እንደ ታረደ ከብት ጮኸ። ጌታቸው ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ያራግብለታል። ባቱ ላይ ጭስ ካልታየ ደንበኛ አይመጣም፤ እዚህ ጭስ ካለ እሳት አደጋ ይመጣል።

ጠቡን የነገረኝ ዓሣውን እየበላን ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ስሙን ነጭ ፊኛ ላይ ጽፎ ወደ ሰማይ መልቀቅ ተለምዷል። የአልማዝ የጸሎት ቡድን ሴቶች፣ ሁሉም የአበሻ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ቅዳሜ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ሊለቁ ወስነዋል። ጌታቸውም በጣም ደስ ብሎታል። አንድ ልጁ ሩት ደግሞ ፊኛው መጨረሻ ላይ ባሕር ወርዶ የባሕር ኤሊ ይገድላል፣ አንድ ፊኛ ከተለቀቀ በእናቴ መታሰቢያ አልገኝም ብላለች። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ፓስተሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ እጁን ታጠበ። «ታላቅ እርስዎ ነዎት» አለኝ ጌታቸው፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ። ቲኬቱ ለምን እንደተላከልኝ ያኔ ገባኝ።

ዓርብ

ሩት ጠዋት ከተማውን ላሳይህ ብላ መጣች፤ ግን ቤት አልገባችም፣ ውጭ ሆና የመኪናዋን ጥሩምባ ነፋች። እዚያው የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት። እኔን ሽማግሌውን «አንተ» ትለኛለች። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። በኋላ ስታዘብ የምትወደውን ሁሉ አንተ ነው የምትለው። እርስዎ የምትለው አባቷን ብቻ ነው፤ እሱንም ከተኳረፉ ወዲህ።

መሥሪያ ቤቷ ሚድታውን የሚሉት የከተማው መሃል አንድ ፎቅ ላይ ነው። ሥራቸው ባሕርን መጠበቅ ነው። ባሕሩን በመስኮት ፈለግኩት፤ በመኪና ግማሽ ቀን ይወስዳል አለችኝ። አልሳቅኩም። እኛም ባሕር ሳይኖረን ስለ ባሕር ሳናወራ ውለን አናውቅም።

አንድ ጠርሙስ አሳየችኝ። ውስጡ ከሞተች ኤሊ ሆድ የወጣ የፊኛ ቁራጭና የማሰሪያ ጥብጣብ አለ። ኤሊዋ የምትበላው አጥንት የሌለው፣ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ፍጥረት አለ። የተቀደደ ፊኛም ልክ እሱን ይመስላል። ትውጠዋለች፣ አይፈጭላትም፣ ሆዷ ሞልቶ በረሃብ ትሞታለች። ጠግቦ በረሃብ መሞት የሚቻል አይመስለኝም ነበር።

ሌላም ነገረችኝ። አጥማጅ ጥሎት የሄደ መረብ ባለቤት ሳይኖረው ባሕር ውስጥ ሲያጠምድ ይኖራል። ኤሊዎቹን መርከብ ይገጫቸዋል። የዳርቻው መብራት መንገድ ያስታቸዋል። ሽሪምፕ የሚሉትን ጣት የሚያክል የባሕር ፍጥረት የሚያጠምዱት ሰዎች በበኩላቸው መረባቸው ላይ ኤሊዋ ብትገባ የምትወጣበት በር እንዲሠሩ ሕግ ወጥቶባቸዋል። በሕይወቴ በር ያለው መረብ ሰምቼ አላውቅም። ለሽሪምፑስ በር አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለውም።

የእኛን ነገርኳት። ከወባ እንድንድን በነጻ የታደለን አጎበር ሐይቁ ላይ ተዘርግቶ ጥፍር የማታክል ጫጩት ዓሣ እየለቀመ ነው። የሰጡን ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ሰው ከወባ ዳነ፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣችን አለቀ። ያለ ደሞዝ ሐይቁን የሚያጸዳው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ እንኳ የሚለቅመው የዓሣ አንጀት አጥቶ የእኔን ደንበኞች ዓይን ዓይን ማየት ጀምሯል። ሩት ሰማችኝና «ሲሪየስሊ?» አለች። አልቀለድኩም አልኳት።

ለምሳ ብሩክሄቨን አጠገብ፣ የየአገሩ ምግብ ቤት የተደረደረበት ትልቅ መንገድ ላይ ወሰደችኝ። እኔ ዓሣ አዘዝኩ። እሷ ስልኳን ከፍታ ያዘዝኩትን ዓሣ ፈለገችው። ስልኩ ለዓሣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክት አለው። የእኔው ቀይ ሆነ፤ እያለቀ ያለ ዘር ነው። አስተናጋጇን ጠርታ መለሰችውና ባቄላ መጣ። ዓሣ ነጋዴ ሆኜ አትላንታ ድረስ ሄጄ ባቄላ በላሁ።

ስንወጣ የእግረኛ መንገዱ ጥግ ላይ የጎርፍ መውረጃ ብረት አየሁ፤ የዓሣ ሥዕል ተለጥፎበታል። እዚህ የተጣለ ነገር ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ባሕር ይሄዳል ማለት ነው አለችኝ። ባሕር የሌላት ከተማ ቆሻሻዋን በወንዝ ለባሕር ትልካለች። እኛ በዚህ እንሻላለን፤ የራሳችንን ቆሻሻ ወደ ማንም አንልክም፣ ራሳችን እንጠጣዋለን።

መኪናዋን ፓርክ ያደረገችበት ደርሰን ሞተሩን ሳታስነሳ ስለ እናቷ ነገረችኝ። አልማዝ ሕክምናው መሃል ጋብ ሲልላት ልጇ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወስዳት ነበር። ጎህ ሳይቀድ የኤሊ ግልገሎች ከአሸዋው ወጥተው ወደ ውሃው የሚሄዱት የሰማዩን ወገግታ ተከትለው ነው። ያን ቀን የሆቴሉ መብራት በልጦ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ መኪና መንገዱ መጓዝ ጀመሩ። አልማዝ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ በመብራቱና በግልገሎቹ መካከል ቆመች። የመጨረሻው ግልገል ዞሮ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ አልተቀመጠችም።

«አባትሽ ይህን ያውቃል?» አልኳት።

«ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሁሌ ሺፍት ላይ ነው። አሁን ደግሞ ስሟን ጽፈው… ላይክ፣ ያንን ኤሊ የሚገድለው የእናቴ ስም ያለበት ፊኛ ቢሆንስ፣ አጎቴ?»

 ለሽምግልናው አባብዬ አባቷ ቤት አስገባኋት።

ወግ እንደሚያዘው ሁለቱን ትይዩ አስቀምጬ ገና ነገሩ ሳይነሳ የሽማግሌ ቃል ትቀበላላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጌታቸው ከመቀመጫው ተነስቶ እቀበላለሁ አለ። ሩት «ዲፔንድስ» አለች። ትርጉሙን ሳልጠይቅ ገባኝ። ሰው ቃል የሚገባው ፍርዱን ከሰማ በኋላ ከሆነ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

ጌታቸው እንዲህ አለ፤ «እኔ ሌላ ሰው አልጋ ላይ ሳገላብጥ ነው የሞተችብኝ። አፈር አለበስኳት እንጂ አልሸኘኋትም። አንድ ነገር ለእሷ ተብሎ ወደ ላይ ሲሄድ ልየው። ሌላ ምን ጠየቅኩ?»

«እርስዎ እስከሚያዩት ድረስ ነው ወደ ላይ የሚሄደው» አለች ሩት። «ከዚያ ይወርዳል።»

እዚህ ላይ ሁለቱንም ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። እኔ ግን ማለዘብ አልችልበትም። እሱን ለጋዝ ከረጢት ብለህ ልጅ ልታጣ ነው አልኩት። እሷን ለኤሊ ያለሽ ርኅራኄ ለአባትሽ አልተረፈም አልኳት። ሩት ቁልፏን አንስታ ወጣች። ሽምግልናው ሻይ እስኪበርድ አልቆየም። የነጠላውን ነገር ለወንድሜ ልንገረው ስል በሥራ የዛለ ሰው ነው፣ ተቀምጦ አንቀላፍቷል።

ቅዳሜ

የሴቶቹ መሪ እህት ጽጌ በሰፊ መኪና መጣች። መኪናው እስከ ጣሪያው ነጭ ፊኛ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የአልማዝን ስምና ጥቅስ በገዛ እጇ ጽፋለች። ጌታቸው ሌሎቹን እየወሰደ ስለነበር እኔ የቀረልኝ ቦታ ፊኛዎቹ መሃል ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር አንድ ፊኛ ከንፈሬን ይስመኛል። ጠጉሬ ቆሞ፣ ነጭ ነገር ብቻ እያየሁ ተጓዝኩ፤ ሞቼ ይሆን ብዬ የጠረጠርኩበት ጊዜ ነበር። እህት ጽጌ ከፊት ሆና ትጮህልኛለች። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ የምበላውን ለይታ በዘይት ሠርታልኛለች። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ጾምም የለም። ሌሎቹ ሥጋ ሲበሉ እኔ ምን እንደምበላ ጠየቅኩ። እልበት አለችኝ። እልበት የባቄላ ነው። አመሰገንኩ፤ ደግነት በየት በኩል እንደሚመጣ አይመረጥም።

ወንዙ ሮዝዌል ዳር ያልፋል፣ ሰፊና ቡናማ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ክብ ሠርተው ቆሙ፣ ለየሰዉ ፊኛ ታደለ። ፓስተሩ ጸለየ፤ ረጅም ነው። ቀጥሎ ታላቅ ወንድም ይመርቁና እንልቀቅ ተባለ። ጌታቸው ጆሮዬ ስር መጥቶ እመቤታችንን እንዳልጠራ፣ ሰዎቹ ቅር እንደሚላቸው ለመነኝ። እሺ አልኩ።

ያኔ ነው የሩትን መኪና ያየሁት። መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ መስኮቱ ወርዷል፣ ልጅቷ ውስጥ ተቀምጣለች። አልመጣም ብላ መጥታለች፤ መጥታም አልወረደችም። የመጀመሪያው ፊኛ ሲለቀቅ ሞተሩን አስነስታ እንደምትሄድ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ አባቷ ቤት እንደማትመለስ ፊቷ ላይ ይነበባል። ይህንን ለማንበብ ማታ ትምህርት አያስፈልግም።

እጄን ዘርግቼ ጀመርኩ። እግዜር ይስጣችሁ አልኩ፤ አሜን አሉ። ልጆቻችሁን ያሳድግ፤ አሜን። ወረቀት ያላገኘ ወረቀት ያግኝ፤ ይህኛው አሜን ወንዙን ተሻገረ። በሽተኛ ስታነሱ የተጎዳ ወገባችሁን ይማርላችሁ፤ አሜን። አበሻ የትም ቢሄድ፣ ምንም ሃይማኖት ቢይዝ፣ የተዘረጋ የሽማግሌ እጅ ካየ አሜን ሳይል ማለፍ አይችልም። ምኑ ላይ እንዳለ እንኳ አያዳምጥም። ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የታየኝ።

«አልማዝ» አልኩ፣ «በሽታው አጥንቷ ውስጥ ሳለ ባሕር ዳር ቆማ፣ የኤሊ ግልገሎች በመብራት ጠፍተው መኪና እንዳይበላቸው፣ ነጠላዋን ዘርግታ ጨለማ ሠራችላቸው። ልጇ አይታለች። እጇ ሲዝል አላወረደችውም።»

ጌታቸው ዓይኑን ገለጠ። እኔ ሳልመለከተው ቀጠልኩ።

«እሷ ያዳነችውን እኛ እንዳናንቀው፣ በእጃችን ያለውን በእጃችን ያቆየው።»

«አሜን» አሉ ሁሉም፣ ፓስተሩ ጭምር።

እጄን አወረድኩ። «እንግዲህ አሜን ብላችኋል» አልኩ። «የሚለቅ ካለ ከእግዜር ጋር ይተሳሰብ፣ እኔ የለሁበትም።»

 እህት ጽጌ ፊኛዋን ቀና ብላ አየች፣ እኔን አየች። «እኔ ምርቃት መስሎኝ ነው አሜን ያልኩት» አለች።

«ምርቃት ነው» አልኳት።

አንዷ ስትስቅ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሳቁ መሃል የሚያለቅሱም ነበሩ። ጌታቸው አልሳቀም። የፊኛውን ክር እጁ አንጓ ላይ ጠመጠመና ወደ መኪናው ሄደ። ቢወድቅ ላነሳው ብዬ ተከተልኩት።

«ነጠላዋን ዘረጋችው?» ብሎ ጠየቃት።

ሩት ከመኪናው ወረደች። ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ከፈተችና «እንዲህ» አለችው። ጌታቸው እጆቿ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ሲያይ ቆየ።

«አንተም ብትኖር ደስ ይላት ነበር፣ ዳዲ።»

 ጌታቸው ክሩን ከአንጓው ፈቶ እሷ አንጓ ላይ አሰረው፤ ገመድ ማሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አይፈታም።

እሑድና ሰኞ

ፊኛዎቹ ምን ይሁኑ የሚለው ሌላ ጣጣ ሆነ። አፈንድቶ መጣል ቀላል ነበር፤ ግን የአልማዝ ስም ያለበትን በመርፌ የሚወጋ ማን ነው? ስለዚህ ሁሉም ወደ ጌታቸው ቤት ተመለሱ፣ እኔም መሃላቸው። እህት ጽጌ ሱቅ ስታስነፋቸው ቶሎ እንዳይወርዱ የሚያደርግ ነገር አስጨምራባቸዋለች። ሳሎኑ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ሲያዩን ዋሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሩት ቀድማን ቤት ውስጥ ናት። የወደቁትን ልሰበስብ ነው የመጣሁት አለች፤ ክራቸው ተቆርጦ በአግባቡ መጣል አለባቸው፣ አባቷን አታምነውም። አንድ ብቻ ወድቋል። ሰኞ ሥራ ውላ መጣች፣ ጥቂት ወድቀዋል። ጌታቸው ምግብ አሞቀላት። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ከሳሎን የሚሰማኝ ስለ መረቡ በር ስትነግረው፣ እሱም ለሽሪምፑስ ብሎ ሲጠይቃት ነው።

ባቱ

ተመልሼ ምርቃቱን እዚህም ሞከርኩት። የሐይቁ ወጣቶች አጎበራቸውን ጠቅልለው ታንኳ ላይ ሊወጡ ሲሉ እጄን ዘረጋሁና ጫጩት ዓሣውን ያቆይልን አልኩ። አሜን አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ከዚያ ሐይቁ መሃል ገብተው አጎበሩን ዘረጉት። አባ ኮዳውና እኔ ተያየን። በማግስቱም መረቅኋቸው፤ አሁንም አሜን ይላሉ። አላቆምኩም፣ እነሱም አላቆሙም።

ጌታቸው ባለፈው እሑድ ደወለ። ሩት እንዴት ናት አልኩት፤ በየጊዜው ትመጣለች፣ አንድ ፊኛ ገና ስላልወደቀ እሱን እያየች ነው የምትሄደው አለኝ። እኔ ከተመለስኩ ሁለት ክረምት አልፏል። እኔ ዓሣ ሻጭ ነኝ፣ የፊኛ ነገር አላውቅም፤ ግን ይህን ያህል የሚቆይ ፊኛ አለ እንዴ ብዬ ጠየቅኩት።  ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲሟሽሽ ማለዳ ወጥቶ ሌላ እንደሚያስነፋ፣ ጽሑፉንም ራሱ እንደሚጽፈው ነገረኝ። «ለሩት እንዳይነግሩብኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለ።

የምነግራትም የለኝም። ከእሱ በፊት እሷ ደውላልኛለች፤ የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ከእህት ጽጌ ጽሑፍ እንደሚለይ ታውቃለች፣ ማወቋን ለእሱ እንዳልነግረው አስምላኛለች።